ማኅበርና መንበር፦ የሠራተኛ ማኅበራት በታዳጊ አገሮች ፖለቲካ

የሠራተኛ ማኅበር የተለመደ ሥራው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ሕክምናና ስለ ጡረታ ከአሠሪ ጋር ተደራድሮ የኅብረት ስምምነት መፈራረም ነው። በታዳጊ አገሮች ግን ይህ ድርድር ብዙም ሳይርቅ ከፖለቲካ ጋር ይገናኛል። በነዚህ አገሮች ትልቁ አሠሪ አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ነው። ባቡሩ፣ ወደቡ፣ የማዕድን ጉድጓዱ፣ የመብራት ኃይሉና ትምህርት ቤቱ በመንግሥት እጅ ሲሆኑ የደመወዝ ጭማሪ የሚጠየቀው ሚኒስትሩ ነው። ሠራተኛው በደመወዙ የሚሸምተው ዱቄትና የሚሳፈርበት ታክሲ የሚቀዳው ነዳጅ ዋጋም በመንግሥት ውሳኔ ይወጣል፣ ይወርዳል። ማኅበሩ ፖለቲካ ውስጥ ልግባ አልግባ ብሎ ሳይመክር ፖለቲካው ደጁ ድረስ ይመጣል።

የእስያ፣ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ ማኅበራት ባለፉት ሰማንያ ዓመታት ብዙ ሠርተዋል። የቅኝ አገዛዝን አናውጠዋል፣ አምባገነኖችን ከሥልጣን አውርደዋል፣ ፓርቲዎችን ወልደዋል፣ ከመካከላቸውም ፕሬዚዳንት የሆኑ መሪዎች ወጥተዋል። በሌላ ወገን ደግሞ ብዙዎቹ በገዢ ፓርቲ ተውጠው ድምፃቸውን አጥተዋል። ታሪካቸው ሲመረመር አንድ ነገር ተደጋግሞ ይታያል፦ ማኅበር በፖለቲካ ውስጥ ጉልበት የሚኖረው ከመንበሩ ጋር ለመነጋገር የሚያስችል ቅርበት፣ እምቢ ለማለት የሚያስችል ርቀትም ሲኖረው ነው። (ከዚህ በታች የሌሎች አገሮች ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ደግሞ በዓ.ም. ተጽፈዋል።)

የጉልበቱ ምንጭ

በአብዛኛው ታዳጊ አገር ደመወዝተኛው ከሕዝቡ ጥቂቱ እጅ ነው፤ የማኅበር አባል የሆነው ደግሞ ከደመወዝተኛውም ያንሳል። ይሁንና እነዚህ ጥቂቶች የቆሙበት ቦታ ቁጥራቸው ከሚያሳየው በላይ ያስከብራቸዋል። ብዙ ታዳጊ አገሮች የውጭ ምንዛሬ የሚያገኙት በአንድ ወይም በሁለት ምርቶች ሲሆን፣ ምርቱ ከምድር ወጥቶ መርከብ ላይ እስኪጫን በጠባብ መንገድ ያልፋል። ያንን መንገድ የያዙት የማዕድን ቆፋሪዎች፣ የባቡር ሠራተኞችና የወደብ ጫኝና አውራጆች ናቸው። የዛምቢያ መዳብ ወይም የናይጄሪያ ነዳጅ ለጥቂት ሳምንታት ቢቆም የመንግሥት ካዝና ወዲያው ይደርቃል።

ሁለተኛው የጉልበት ምንጭ አደረጃጀቱ ነው። ማኅበር ከሥራ ቦታው መሠረታዊ ማኅበር እስከ ፌዴሬሽንና ኮንፌዴሬሽን ድረስ የተዘረጋ መዋቅር አለው። አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፣ መሪዎቻቸውን ይመርጣሉ፣ ስብሰባ መምራትና መደራደር ይለማመዳሉ። ፓርቲዎች በታገዱበት አገር እንዲህ ያለ አገር አቀፍ መረብ ያላቸው ብዙውን ጊዜ የሃይማኖት ተቋማትና የሠራተኛ ማኅበራት ብቻ ናቸው።

ማኅበራቱን የሚነቅፉ ምሁራንና ባለሥልጣናት የተደራጀ ሠራተኛ ከድሃው ገበሬ የተሻለ ኑሮ ያለው ወገን በመሆኑ የሕዝብ ወኪል ሊሆን አይችልም ይላሉ። ነቀፋው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ለአባሎቻቸው ብቻ የቆሙ ማኅበራት ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ሆኖም የአንድ ደመወዝተኛ ገቢ ለወላጅ፣ ለታናናሽ ወንድምና እህት፣ ገጠር ለቀሩ ዘመዶችም ይተርፋል። የአድማ ጥሪ ከአባላቱ ክበብ ወጥቶ የገበያ ሴቶችን፣ ተማሪዎችንና ሥራ አጦችን የሚያንቀሳቅሰው በዚህ የኑሮ ትስስር ምክንያት ነው።

ከቅኝ አገዛዝ ጋር የተደረገ ትግል

በፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ከዳካር እስከ ኒጀር ወንዝ የሚዘልቀው ባቡር ሠራተኞች በጥቅምት 1947 ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው አፍሪካዊውና ፈረንሳዊው ሠራተኛ በአንድ የደረጃና የደመወዝ ሥርዓት ይተዳደር የሚል ነበር። አድማው ከአምስት ወር በላይ ዘልቆ በመጋቢት 1948 በስምምነት ተቋጨ። ሠራተኛው ያን ያህል ጊዜ ያለ ደመወዝ መቆየት የቻለው ቤተሰቡ፣ ነጋዴውና ገጠር ያለው ዘመድ ስላበላው ነው። ሴኔጋላዊው ደራሲ ኡስማን ሴምቤን ይህንኑ አድማ መነሻ አድርጎ የጻፈው ልብ ወለድ ከአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ዐበይት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። የእኩል ደመወዝ ጥያቄ በውስጡ የያዘው ትልቅ ነገር ነበር፦ አፍሪካዊው ሠራተኛ ከፈረንሳዊው እኩል ነው ከተባለ ፈረንሳዊው አፍሪካዊውን የሚገዛበት ምክንያት ይጠፋል።

በጊኒ የፖስታ ሠራተኛ የነበሩት ሴኩ ቱሬ በ1953 ከሁለት ወር በላይ የቆየ ጠቅላላ አድማ መርተው የደመወዝ ጭማሪ አስገኙ። ያ ድል ስማቸውን በመላ አገሪቱ አስጠራ፤ በ1958 ጊኒ ነጻ ስትወጣም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ የሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ በጥር 1950 የጠራው አድማ ከነጻነት ታጋዩ ክዋሜ ንክሩማህ የእምቢተኝነት ዘመቻ ጋር ተዳብሎ አገሪቱን አናወጠ። በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የፖለቲካ መሪዎች ሲታሰሩና ድርጅታቸው ሲታገድ፣ ሕጋዊ ሆኖ የቀረውን የሠራተኞች ፌዴሬሽን ይመሩ የነበሩት ወጣቱ ቶም ምቦያ የአፍሪካውያንን ጥያቄ በአደባባይ ማሰማቱን ቀጠሉ።

በየአገሩ ሂደቱ ተመሳሳይ ነበር። የዳቦ ጥያቄ ወደ እኩልነት ጥያቄ፣ የእኩልነት ጥያቄም ወደ ነጻነት ጥያቄ አደገ። በማኅበር የሠለጠኑት ተናጋሪዎችና አደራጆችም የነጻነት ንቅናቄው የጀርባ አጥንት ሆኑ።

ከነጻነት በኋላ፦ ጓደኛው ሲገዛ

ነጻነት ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ትናንት አድማ የጠሩት መሪዎች ዛሬ የሚያስተዳድሩት በጀትና የሚገነቡት አገር ተረከቡ። አብዛኞቹ አዲስ መንግሥታት ሠራተኛው ከድርሻው በፊት ምርት ማሳደግን ማስቀደም አለበት አሉ፤ አድማም ልማትን እንደ ማደናቀፍ ይቆጠር ጀመር።

ጋና በ1958 ባወጣችው ሕግ ማኅበራቱ በአንድ ማዕከል ተጠቃለሉ። የአባልነት መዋጮ ከደመወዝ ላይ እየተቆረጠ ገቢ እንዲሆን ስለ ተደነገገ ማዕከሉ የገንዘብ አቅም አገኘ። በልዋጩ አድማ ማድረግ እጅግ ከባድ ሆነ፤ አመራሩም ከገዢው ፓርቲ ጋር ተጣበቀ። በ1961 የበጀት አዋጅ የግዴታ ቁጠባ ሲጣል የሴኮንዲ ታኮራዲ የባቡርና የወደብ ሠራተኞች ከማዕከላዊው አመራር ፈቃድ ውጪ ከሁለት ሳምንት በላይ ሥራ አቆሙ። ንክሩማህን ወደ ሥልጣን ካመጡት ሠራተኞች መካከል የነበሩት የአድማው መሪዎች ታሰሩ። በዚያው ዓመት ጊኒ ውስጥ የመምህራን ማኅበር መሪዎች የታሰሩት በቀድሞው የማኅበር መሪ በሴኩ ቱሬ መንግሥት ነው። የዛሬዋ ታንዛኒያ በ1964 ነጻውን ፌዴሬሽን አፍርሳ ዋና ጸሐፊው በፕሬዚዳንቱ የሚሾም አንድ ብሔራዊ ማኅበር አቋቋመች።

መንገዱ የአፍሪካ ብቻ አልነበረም። በሜክሲኮ በ1936 የተመሠረተው ትልቁ የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ለአሥርት ዓመታት የገዢው ፓርቲ አንድ ክንፍ ሆኖ ሠርቷል። አባላቱ የሥራ ዋስትናና ማኅበራዊ መድን አግኝተዋል፤ መሪዎቻቸውን በነጻነት የመምረጥና መንግሥትን የመቃወም ዕድል ግን ጠቦባቸዋል። የቀዝቃዛው ጦርነት ኃያላንም ማኅበራቱን በየጎራቸው ይስቡ ነበር። አንዱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ወደ ሶቪየት፣ ሌላው ወደ ምዕራቡ ያዘነብል ስለ ነበር የሥልጠናውና የገንዘብ እርዳታው ጎራ ለይቶ ይመጣ ነበር።

ዛምቢያ፦ ማኅበሩ ሲያሸንፍ

ማኅበራት ወደ ተቃውሞ የተመለሱት በ1970ዎቹ አጋማሽ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከወደቀና ዕዳ ከተከመረ በኋላ ነው። መንግሥታት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና ከዓለም ባንክ ብድር ለማግኘት ድጎማ ማንሳት፣ የገንዘባቸውን የምንዛሬ ዋጋ ዝቅ ማድረግና ሠራተኛ መቀነስ ነበረባቸው። ይህ የመዋቅር ማስተካከያ በቀጥታ ያረፈው በከተማ ደመወዝተኛ ላይ ነው።

የዛምቢያ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። የአገሪቱ የወጪ ንግድ ከሞላ ጎደል መዳብ ብቻ ስለ ነበር የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ከአፍሪካ ብርቱዎቹ አንዱ ሆነ። ከ1964 ጀምሮ ያስተዳደሩት ኬኔት ካውንዳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አገሪቱን በአንድ ፓርቲ ሥር ቢያደርጉም የሠራተኛ ማኅበራቱን ጉባኤ ሙሉ በሙሉ መዋጥ አልቻሉም። ሊቀ መንበሩ ፍሬደሪክ ቺሉባ በ1981 ከሌሎች መሪዎች ጋር ታስረው በፍርድ ቤት ውሳኔ ተለቀቁ። በታኅሣሥ 1986 በአበዳሪዎች ግፊት የበቆሎ ዱቄት ዋጋ በእጥፍ ሲጨምር የመዳብ ከተሞች በሁከት ተናጡ፤ ሰዎችም ሞቱ፤ መንግሥትም ጭማሪውን ሰረዘ። በ1990 ዋጋው እንደገና ሲያሻቅብ ሁከቱ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የማኅበራት መሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ ምሁራንና ከገዢው ፓርቲ የወጡ ፖለቲከኞች የመድብለ ፓርቲ ዴሞክራሲ ንቅናቄን መሠረቱ። በጥቅምት 1991 ምርጫ ቺሉባ ከተሰጠው ድምፅ ሦስት አራተኛውን አግኝተው አሸነፉ። ካውንዳም ሥልጣኑን በሰላም አስረከቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ማኅበር ለሚመራ ሁሉ ትምህርት ነው። በሠራተኛ ድምፅ የተመረጠው መንግሥት ማኅበሩ ሲቃወመው የኖረውን ማስተካከያ ከካውንዳ በፈጠነ ሁኔታ ፈጸመው። ድጎማው ተነሣ፣ አብዛኞቹ የመንግሥት ድርጅቶች ተሸጡ፤ የመዳብ ኩባንያውም ተከፋፍሎ እስከ 2000 ድረስ ወደ ግል ይዞታ ዞረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራቸውን፣ ከሥራው ጋርም ኩባንያው ይሰጣቸው የነበረውን ሕክምናና ትምህርት ቤት አጡ። መሪዎቹ ቤተ መንግሥት ገብተው ነበርና ማኅበራቱ የራሳቸውን ሰው መንግሥት መቃወም ቸገራቸው፤ ለመቃወም ሲነሡ ደግሞ የአባላቸው ቁጥር መንምኖ ነበር። ዛምቢያውያን የመምረጥ ነጻነት አግኝተዋል፤ ይህም ትልቅ ድል ነው። ማኅበሩ ግን ንቅናቄው ሥልጣን ከመያዙ በፊት ከእርሱ ጋር በኢኮኖሚ መርሐ ግብር ላይ ተደራድሮ የጽሑፍ ቃል አልተቀበለም ነበር።

ደቡብ አፍሪካ፦ በኅብረት መግዛት

የደቡብ አፍሪካ ሠራተኞች ሌላ መንገድ ሞከሩ። በ1973 በደርባን የተነሡት አድማዎች ለዓመታት የተዳፈነውን የጥቁር ሠራተኞች ንቅናቄ አስነሡ። በ1979 የጥቁሮች ማኅበራት ሕጋዊ ዕውቅና አገኙ፤ በ1985 መጨረሻም ኮሳቱ የተባለው ኮንፌዴሬሽን በዚያችው ከተማ ተመሠረተ። የፖለቲካ ድርጅቶች በታገዱባቸው የመጨረሻዎቹ የአፓርታይድ ዓመታት የፋብሪካና የማዕድን አድማ ኢኮኖሚውን እያናጋ ገዢዎቹን ወደ ድርድር ከገፏቸው ኃይሎች አንዱ ሆነ።

በ1990 ኮሳቱ ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስና ከኮሙኒስት ፓርቲው ጋር የሦስትዮሽ ጥምረት ፈጠረ፤ በ1994 ምርጫም 20 መሪዎቹን በኮንግረሱ ዝርዝር ውስጥ ወደ ፓርላማ ላከ። ጥቅሙ ተጨባጭ ነበር፦ የ1995ቱ የሥራ ግንኙነት ሕግ የመደራጀት፣ የመደራደርና አድማ የማድረግ መብትን አጸና፤ መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ በፖሊሲ ላይ የሚመክሩበት ምክር ቤትም ተቋቋመ። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ብርቱ መሪዎች ወደ መንግሥት ሥራና ወደ ንግድ ሄዱ። በ1996 መንግሥት ወጪ ቆጣቢውን የኢኮኖሚ ፖሊሲ ያወጣው ከኮሳቱ ጋር ሳይመክር ነው።

በመሪና በተራ አባል መካከል የተፈጠረው ርቀት በማሪካና የፕላቲነም ማዕድን ገሃድ ወጣ። በነሐሴ 2012 በነባሩ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ላይ እምነት ያጡ ቆፋሪዎች በራሳቸው ተነሣስተው አድማ መቱ፤ ፖሊስም በአንድ ቀን 34 ሰዎችን ተኩሶ ገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትልቁ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ለገዢው ፓርቲ ድጋፍ አልሰጥም በማለቱ ከኮሳቱ ተባረረ። ጥምረት ሕግ ያስወጣል፣ መብት ያስከብራል፤ መሪው ከአባሉ ይልቅ ለጥምረቱ መጨነቅ ሲጀምር ግን አባሉ ሌላ ወኪል ይፈልጋል።

ቱኒዚያ፦ ሳይገዙ መወሰን

ከሁሉም የረዘመ ፖለቲካዊ ዕድሜ ያለው ምናልባት የቱኒዚያ ጠቅላላ የሠራተኞች ኅብረት ነው። በጥር 1946 ፈርሃት ሃሼድ የመሠረቱት ይህ ኅብረት የነጻነት ትግሉ አንዱ ምሰሶ ነበር፤ መሪው በታኅሣሥ 1952 በቅኝ አገዛዙ ደጋፊዎች ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ ኅብረቱ ከፕሬዚዳንት ሐቢብ ቡርጊባ ፓርቲ ጋር አንዴ ሲቀራረብ፣ አንዴ ሲጋጭ ኖረ። በጥር 1978 የጠራው ጠቅላላ አድማ በጥይት ተበተነ፤ ብዙ ሰዎች ሞቱ፣ ዋና ጸሐፊው ሐቢብ አሹርም ታሰሩ። ቡርጊባን በተኩት በፕሬዚዳንት ቤን አሊ ዘመን ላዕላይ አመራሩ ለመንግሥት ቢለዝብም በየአውራጃው ያሉት ቅርንጫፎች፣ በተለይም የመምህራን ማኅበራት፣ ነጻ መንፈሳቸውን አላጡም።

ይህ የውስጥ ልዩነት በ2010 መጨረሻ ዋጋ አስገኘ። በሲዲ ቡዚድ ተቃውሞ ሲቀሰቀስ ሰልፈኞች የተሰበሰቡት በአካባቢው የማኅበር ጽሕፈት ቤቶች ዙሪያ ነበር። ከታች የመጣው ግፊት ላዕላይ አመራሩ ክልላዊ አድማዎችን እንዲፈቅድ አስገደደው። ጥር 12 ቀን 2011 የስፋክስ ከተማ በአድማ ቆመች፤ ከሁለት ቀን በኋላ አድማው ቱኒስ ሲደርስ ቤን አሊ አገር ጥለው ሸሹ።

በ2013 ሁለት የግራ ክንፍ ፖለቲከኞች ተገድለው አገሪቱ ወደ ግጭት ስታመራ ኅብረቱ ከአሠሪዎች ማኅበር፣ ከሰብአዊ መብት ሊግና ከጠበቆች ማኅበር ጋር ሆኖ ፓርቲዎቹን በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠ። በዚያ ድርድር ገዢው ጥምር መንግሥት ሥልጣኑን ለገለልተኛ ባለሙያዎች አስረከበ፣ ሕገ መንግሥቱም በጥር 2014 ጸደቀ። አራቱ ተቋማት በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ኅብረቱ ሁሉም እንዲሰማው ያስቻለው አባላቱ በሁሉም ፓርቲ ውስጥ መኖራቸው፣ ራሱ ግን ለምርጫ አለመወዳደሩ ነው። ከሐምሌ 2021 ወዲህ ፕሬዚዳንት ካይስ ሳይድ ሥልጣንን ጠቅልለው ሲይዙ የማኅበር ኃላፊዎች መታሰራቸው ደግሞ እንዲህ ያለው ተሰሚነት ለዘላለሙ ዋስትና እንደሌለው ያሳያል።

ኢትዮጵያ፦ የተቋረጠ ጉዞ

ኢትዮጵያ ቅኝ ባትገዛም የማኅበራቷ ጉዞ ከሌሎቹ ብዙ አይለይም። ሕጉ ከመምጣቱ በፊት የፋብሪካና የባቡር ሠራተኞች በመረዳጃ ዕድር መልክ ይሰባሰቡ ነበር። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው ድንጋጌ መደራጀትን ሲፈቅድ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው ዓመት አገሪቱ የመደራጀት ነጻነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነቶች፣ ቁጥር 87 እና 98ን አጸደቀች።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. ማብቂያ ማኅበሩ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። የአራት ቀኑ አድማ የዘውዱን መንግሥት ካናጉት ክስተቶች አንዱ ሆነ። ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ግን ማኅበሩ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ጠየቀ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ ፈርሶ በ1969 ዓ.ም. በሥርዓቱ መስመር የሚሄድ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ። አብዮቱ በወዛደሩ ስም ሲምል፣ ወዛደሩ በራሱ ስም የሚናገርበት መድረክ ጠፋ።

ዛሬ ያለው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1985ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመደራጀት፣ የመደራደርና አድማ የማድረግ መብትን ይደነግጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አይሸፈኑም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ ወለሉ እንዲወሰን መጠየቅ ከኮንፌዴሬሽኑ ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱ ሆኗል።

ማኅበር ያልደረሰለት ሠራተኛ

የማኅበራት የነገ ፖለቲካዊ ክብደት የሚወሰነው ዛሬ ከጥላቸው ውጪ ባለው ሠራተኛ ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው ጥናት በአፍሪካ ከሚሠራው ሰው 85 በመቶ ያህሉ መደበኛ ባልሆነው ኢኮኖሚ ውስጥ ይገኛል። ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋና የታክሲ ረዳቱ የኅብረት ስምምነት የሚፈራረሙት አሠሪ የላቸውም፣ ወይም አሠሪያቸው በየቤቱ ተበታትኗል።

እነዚህን ማደራጀት ግን አይቻልም ማለት አይደለም። በሕንድ አህመዳባድ ከተማ ኤላ ባት በ1972 የመሠረቱት በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ማኅበር የጎዳና ነጋዴዎችንና በቤታቸው የሚሠሩ ሴቶችን አሰባስቧል። ድርድሩ ስለ መሸጫ ቦታ ከማዘጋጃ ቤት፣ ስለ ዋጋ ከአከፋፋይ ጋር ሆነ፤ ማኅበሩ የራሱን ባንክም አቋቋመ። በባንግላዴሽ በሚያዝያ 2013 ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ካለቁ በኋላ ዓለም አቀፍ የማኅበራት ፌዴሬሽኖችና ልብሱን የሚገዙ ኩባንያዎች አስገዳጅ የፋብሪካ ደኅንነት ስምምነት ተፈራረሙ። አሠሪው ድንበር ሲሻገር ማኅበሩም መሻገር እንደሚችል ይህ ያሳያል። በሊባኖስ ዋና ከተማ በቤይሩት በ2015 ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከተለያዩ አገሮች የመጡ የቤት ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የአገሪቱ የሥራ ሚኒስቴር ዕውቅና ቢነፍጋቸውም ጥያቄያቸው መጤ ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር ስለሚያስረው ሥርዓት የሚደረገውን ክርክር አጠናክሯል።

ከነዚህ ሁሉ አገሮች ልምድ ማኅበር በፖለቲካ ውስጥ ለአባሉም ለአገሩም የሚጠቅመው መቼ እንደሆነ መናገር ይቻላል። ገንዘቡ ከአባላቱ መዋጮ ሲመጣና ሒሳቡ ለአባላቱ ሲገለጽ ማንም ሊያዝዘው አይችልም። መሪዎቹ ከታች ተመርጠው ከታች ሊወርዱ ሲችሉ ድምፁ የአባሉ ድምፅ ሆኖ ይቀራል። ከፓርቲ ጋር ሲተባበር ግልጽ በሆኑ የጽሑፍ ጥያቄዎች ላይ ቢስማማ፣ ስምምነቱ ሲፈርስም ለመለየት ነጻ ቢሆን፣ የዛምቢያን ዕጣ ያስቀራል። የመብት ጥያቄውን ላልተደራጀው ሠራተኛና ለገበሬው ጭምር ሲያነሣ ደግሞ የጥቂቶች ጠበቃ ከመባል ይድናል። መንግሥታትም ከዚህ የሚያተርፉት አለ፦ ነጻ ማኅበር ባለበት አገር የዱቄት ዋጋ ሲጨምር ቁጣው በመጀመሪያ የሚገለጸው በድርድር ጠረጴዛ ላይ ነው።